ሲኒው ከየት መጣ? ዕጣኑስ ወዴት ሄደ?

በካርቱም ከተማ ደቡባዊ ክፍል አል ሳሃፋ የሚባል ሰፊ ሰፈር አለ። ቃሉ በዓረብኛ የጋዜጣን ሥራ የሚያመለክት በመሆኑ፣ ለጋዜጣ ብዕር ያነሣ ሰው ከሰፈሮች ሁሉ አስቀድሞ ይህን ቢጠቅስ የሚያስነቅፈው አይመስለንም። ይሁን እንጂ በዚያ ለዓመታት የኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሰፈሩን የሚያስታውሱት ለስሙ ሲሉ ሳይሆን ለቡናው ሲሉ ነው። የቀኑ ሐሩር በረድ ሲል ዝቅተኛ በርጩማዎች በየመንገዱ ዳር ይደረደራሉ፤ ረከቦቱ ይዘረጋል፤ በፍሙ ላይ ዕጣን ጣል ይደረጋል። ሱዳናዊው «ጀበና» ሲል እኛም «ጀበና» የምንል በመሆኑ በዚህ በኩል አስተርጓሚ አያስፈልግም ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ይህ ሁሉ ተበተነ። የሰፈሩ ነዋሪዎች ሱዳናዊ ሳይሉ ኢትዮጵያዊ በየአቅጣጫው ሸሹ። ከእነዚህ መካከል አንዲት እናት ዛሬ በጎንደር ከተማ በአንድ ጠባብ ክፍል ቡና አፍልተው ይሸጣሉ። በአል ሳሃፋ 11 ዓመት ኖረዋል። ከዚያ ሲወጡ በነጠላ ጠቅልለው ያወጡት 12 ሲኒዎችን ሲሆን፣ በወድ መደኒ፣ በገዳሪፍና በገላባት አድርገው መተማ ሲደርሱ 9ኙ ደኅና ነበሩ።

«እትዬ፣ ከዚያ ሁሉ ዕቃ መካከል ሲኒውን ለምን መረጡ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቴሌቪዥኑን ማን ይሸከምልኛል፣ ልጄ? ሲኒ ከያዝኩ ግን በደረስኩበት አገር በማግስቱ እሠራለሁ» አሉኝ።

ከቀረበልኝ ሲኒ ቡናውን ጠጥቼ ስጨርስ ወደ ታች ደፋ አድርጌ ሥሩን ተመለከትኩት። ጥቂት የቻይና ፊደላትና በእንግሊዝኛ «ሜድ ኢን ቻይና» የሚል ጽሑፍ አለበት። ይህ በዛሬው ገበያ ማንንም የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው፣ ዕቃው ጽሑፍ ባይኖርበትም ኖሮ ስሙ ብቻውን አገሩን የሚናገር መሆኑ ነው። ዓረቦች ቻይናን «ሲን» ይሏታል። «ሲኒ» ማለት እንግዲህ «ቻይናዊው» ማለት ነው። እኛ በየዕለቱ «ሁለት ሲኒ ቡና» ስንል፣ ሳናውቀው የአንድ ሩቅ አገር ስም እንጠራለን። ሱዳናውያንም ሲኒው የሚቀርብበትን ሰፊ ዝርግ ሳሕን «ሲኒያ» ይሉታል፤ ሥሩ ያው ነው። ሲኒውን «ፊንጃል» የሚሉት የኤርትራና የትግራይ ሰዎች ግን ከዚህ ስም አምልጠዋል።

በዚያው ረከቦት አጠገብ የሚጨሰው ዕጣን ደግሞ ጉዞው በተቃራኒው ነው። ሲኒው ከሩቅ ምሥራቅ ወደ እኛ መጣ፤ ዕጣኑ ከእኛና ከጎረቤቶቻችን ምድር ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሄደ፤ በዚያም በቡድሃ ምስል ፊት ጨሰ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው የሁለቱ ዕቃዎች መተላለፍ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል አሳስባለሁ።

ስለ ሲኒው በአጭሩ እንናገር። ፖርሴሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ ከተራው ሸክላ የሚለየው በአፈሩና በእሳቱ ነው። አፈሩ ካኦሊን ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ጂንግዴጀን ከተባለችው ታላቅ የሸክላ ከተማ አጠገብ ከሚገኝ ኮረብታ ነው። ይህ አፈር ከተፈጨ ልዩ ድንጋይ ጋር ይለወስና ወደ 1,300 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይተኮሳል። የእኛ ሸክላ ሠሪዎች በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚተኩሱት ሸክላ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 ዲግሪ በታች ስለሚቀር ውኃ ያሳልፋል። ፖርሴሊኑ ግን እንደ መስታወት ይጋገርና ብርሃን ያሳልፋል እንጂ ውኃ አያሳልፍም፤ በጣት ሲመቱትም እንደ ደወል ይጮኻል። አውሮፓውያን ይህን ምሥጢር በጀርመን አገር በሜይሰን የደረሱበት በ1708 እና በ1710 መካከል ነው። ቻይናውያን ግን ከዚያ በፊት በብዙ መቶ ዓመታት አውቀውት ነበር።

ዕቃው ወደ እኛ አካባቢ የደረሰው በባሕር ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከሐላይብ አጠገብ፣ ዐይዛብ የምትባል የጥንት ወደብ ነበረች። በ15ኛው መቶ ዓመት ጠፍታ ዛሬ አሸዋ ለብሳለች። ይሁን እንጂ በአሸዋው ላይ የሚሄድ ሰው የቻይና ሸክላ ስባሪ ይረግጣል። አረንጓዴውም አለ፣ ነጭና ሰማያዊውም አለ። አረንጓዴው በቻይናውያን ዘንድ የተወደደውን የጄድ ድንጋይ እንዲመስል ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ነጭና ሰማያዊው ደግሞ ሰማያዊ ቀለሙ የተገኘው ከፋርስ አገር ከመጣ ኮባልት ነው። «የቻይና» የምንለው ዕቃ ራሱ ገና ከመነሻው የሁለት አገር ሥራ መሆኑን ልብ ይሏል።

በትውልድ አገሩ ሳለ ይህ ሸክላ ሻይ መጠጫ ብቻ አልነበረም። በቡድሂስት ቤተ መቅደስ መሠዊያ ላይ አምስት ዕቃዎች በተርታ ይቀመጣሉ፤ በመካከል የዕጣን ማጨሻ፣ በግራና በቀኝ ሁለት መቅረዞች፣ ከዚያም ወዲያ ሁለት የአበባ ማስቀመጫዎች። እነዚህ ከነሐስ ይሠራሉ፤ ከፖርሴሊንም ይሠራሉ፤ አንዳንዴም በመዳብ ላይ ቀጫጭን ሽቦ ተለጥፎ በሽቦው መካከል ቀለም ያለው መስታወት እየቀለጠ ይሞላባቸዋል። ይህ የመጨረሻው ጥበብ ወደ ቻይና የገባው ከምዕራብ ነው። ማጨሻው ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት እግር ነው። ቅርጹ የተወረሰው ከቡድሃ ሃይማኖት ሳይሆን፣ ሃይማኖቱ ቻይና ከመግባቱ ከሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ የቻይና ነገሥታት ለአባቶቻቸው መሥዋዕት ከሚያቀርቡበት የነሐስ ድስት ነው። እንግዳው እምነት በባለቤቱ ድስት ውስጥ ዕጣን አጨሰ ማለት ነው።

በዚያ ድስት ውስጥ የሚጨሰውስ? ቻይናውያን ዕጣንን «ሩ ሺያንግ» ይሉታል፤ የወተት ሽታ እንደ ማለት ነው። የዛፉ እንባ ነጭ ሆኖ ሲንጠባጠብ ያየ ሰው ስያሜው ትክክል መሆኑን ይመሰክራል። የዕጣን ዛፍ በዋናነት የሚበቅለው በአፍሪካ ቀንድና በአጎራባቹ፣ በደቡብ ዓረብና በሕንድ ነው። በእኛ በኩል ከሁመራና ከመተማ ቆላ አንሥቶ ድንበሩን ተሻግሮ እስከ ገዳሪፍና ጥቁር አባይ ይዘልቃል። የሶማሌ ዳርቻም የራሱ ዝርያ አለው።

በ1225 ጃኦ ሩግዋ የተባለ የቻይና የባሕር ንግድ ሹም ስለ ውጭ አገሮችና ስለ ሸቀጦቻቸው አንድ መጽሐፍ ጻፈ። እርሱ ራሱ ከቻይና ወጥቶ አያውቅም፤ የጻፈው በችዋንጆ ወደብ ከነጋዴዎች እየጠየቀ ነው። ዕጣን ከዓረቦች ወገን እንደሚመጣ፣ ግንዱ በመጥረቢያ ሲቆሰል ፈሳሹ ወጥቶ እንደሚደርቅ፣ በየደረጃው ተለይቶ እንደሚሸጥ አስፍሯል። ዕጣኑ ወደ ባሕር የሚወርደው በዝሆን ተጭኖ ነው ማለቱን ግን አንቀበለውም፤ የአካባቢውን ግመል የሚያውቅ ሰው ነጋዴዎቹ ሹሙን እንዳሳሳቱት ይጠረጥራል። የቀረው ግን ዛሬም የመተማ ገበሬ ከሚያደርገው ብዙ አይርቅም።

የንግዱን ስፋት ለመገመት አንድ አኃዝ ይበቃል። በ1077 ሦስት የቻይና ወደቦች የተቀበሉት ዕጣን 354,449 ጂን ተብሎ በመንግሥት መዝገብ ተመዝግቧል። ይህም ከ200 ቶን በላይ ነው። በ1974 ደግሞ በችዋንጆ የባሕር ጭቃ ውስጥ የአንድ የ13ኛው መቶ ዓመት መርከብ አካል ተቆፍሮ ወጣ። በሆዱ ከ2,000 ኪሎ በላይ መዓዛ ያለው እንጨት፣ ቃሪያ የሚያክል ሳይሆን በእርግጥም ቁንዶ በርበሬ፣ ዐምበርና ዕጣን ተገኘበት። ዕጣኑ በባሕር ውስጥ 700 ዓመት ቆይቶ ዕጣንነቱ አልጠፋም ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ሊነገርለት የሚገባው ግን በሻንሺ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የፋመን ቤተ መቅደስ ነው። ይህ ቤተ መቅደስ የቡድሃ የጣት አጥንት ነው ተብሎ የሚከበር ቅርስ ይጠበቅበት ነበር። የታንግ ነገሥታት በየጊዜው አጥንቱን በታላቅ ሰልፍ ወደ መዲናቸው አስመጥተው ያነግሡትና ከስጦታ ጋር ይመልሱት ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሰው በ874 ነው። ያን ጊዜ ከፓጎዳው ሥር ያለው የድንጋይ ዋሻ ተዘጋ። በ1981 ፓጎዳው በዝናብ ግማሹ ተደረመሰ፤ በ1987 እንደገና ለመሥራት መሠረቱ ሲቆፈር ዋሻው ተገኘ። ከ1,100 ዓመት በላይ ማንም አልነካውም ነበር።

በዚያ ዋሻ ውስጥ ለወታደር ዓይን ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው የንብረት መዝገቡ ነው። ወደ ውስጥ የገባው ዕቃ ሁሉ፣ ማን እንደ ሰጠው፣ ስንት እንደ ሆነ፣ የወርቁና የብሩ ክብደት ሳይቀር፣ በድንጋይ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ በር ላይ ተቀምጧል። ማንኛውም የንብረት ክፍል ኃላፊ የሚቀናበት ሥራ ነው። ይህ መዝገብ አንድ የቆየ ክርክርም ፈትቷል። የጥንት መጻሕፍት «ምሥጢራዊ ቀለም» ስለሚባል፣ ለነገሥታት ብቻ ስለሚሠራ የሸክላ ዓይነት ያወሱ ነበር፤ ነገር ግን የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ የሚያሳይ አልነበረም። መዝገቡ «ምሥጢራዊ ቀለም፣ 13» ብሎ ጽፏል፤ ዕቃዎቹም በቦታቸው ተገኙ። ቀለማቸው ጸጥ ያለ የወይራ አረንጓዴ ነው። አንድ ግምጃ ቤት ጠባቂ በትክክል ስለ ጻፈ፣ ከሺህ ዓመት በኋላ የመጡ ሊቃውንት ተከራክረው ያልጨረሱት ጉዳይ በአንድ ቀን አለቀ።

ሁለተኛው የዕጣን ማጨሻው ነው። ከብር ተሠርቶ በወርቅ የተለበጠ፣ ዙሪያውን በሐረግ ቅርጽ የተበሳሳ ድቡልቡል ኳስ ሲሆን ስፋቱ ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ኳሱ በመካከሉ ይከፈታል። በውስጡ ሁለት ቀለበቶች አንዱ በአንዱ ውስጥ ተንጠልጥለዋል፤ በመጨረሻው ቀለበት ላይ ፍሙን የምትይዝ ትንሽ ጽዋ ተሰክታለች። የቀለበቶቹ ምሰሶዎች እርስ በርሳቸው መስቀለኛ ስለ ሆኑና ጽዋዋ ከታች ስለምትከብድ፣ ኳሱን እንደ ፈለጉ ቢያሽከረክሩት ጽዋዋ ቀጥ እንዳለች ትቀራለች፤ ፍሙም አይደፋም፤ አመዱም አይበተንም። መኳንንቱ በልብሳቸው ውስጥ ይይዙት፣ በአልጋቸው ላይም ያንከባልሉት ነበር ይባላል። በመርከብ ላይ የአቅጣጫ ኮምፓስ ከማዕበሉ ጋር እንዳይወዛወዝ የተሰቀለው በዚሁ ዘዴ ነው።

በ2022 የቻይና ተመራማሪዎች በፋመን ዕቃዎች ውስጥ የቀረውን ዱቄት በመሣሪያ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። በአንደኛው ዕቃ ውስጥ ዑድ የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ እስያ እንጨት ከዕጣን ጋር ተቀይጦ ተገኘ። በ874 የተዘጋ ዋሻ ውስጥ፣ የነገሥታት ሸክላና የዕጣን ዱቄት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። በአል ሳሃፋ ረከቦት ላይ ጎን ለጎን የነበሩት ሁለቱ ዕቃዎች ከዚያ በፊትም ተያይተዋል።

በዚያው ዋሻ የመነኩሴ በትርም ተገኝቷል። በጫፉ ላይ 12 ቀለበቶች ተንጠልጥለዋል፤ መነኩሴው ሲራመድ ይንሿሿሉ። ድምፁ በመንገድ ያሉ ትንንሽ ነፍሳት እንዳይረገጡ ያስጠነቅቃል፤ በየደጁም መነኩሴ ለምጽዋት መቆሙን ያስታውቃል ይላሉ። መቋሚያና ጸናጽል ይዞ የሚዘምር ደብተራ፣ ሻኩራ ያለበት ጽና የሚያወዛውዝ ካህን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለታችን አይደለም፤ ጭስና የብረት ድምፅ በብዙ አገር ሰውን ወደ ጸሎት ይጠራሉ። ጃፓኖች ግን አንድ እርምጃ አልፈው ዕጣንን «እናሸታለን» አይሉም፤ «እናዳምጣለን» ይላሉ። ቡና ሲጠጣ ጭሱ ሽቅብ ሲወጣ ዝም ብለው የሚያዩ እናቶቻችንን ያስተዋለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

አንዳንድ ጸሐፊዎች የቡድሃ ወይም የሕንድ እምነት እስከ መርዌ መንግሥት ደርሷል ለማለት፣ በሱዳን ናጋ በሚባለው ሥፍራ በአንበሳው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ያለውን ባለ ብዙ ራስና ባለ አራት ክንድ አፔደማክ የሚባል አምላክ ምስል ይጠቅሳሉ። ዛሬ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይህን አይቀበሉትም፤ እኛም አንደገፍበትም። ከዚህ ይልቅ አስተማማኙ ማስረጃ የተገኘው በግብፅ ቀይ ባሕር ዳርቻ በበረኒቄ ነው። በ2022 በዚያ ቁፋሮ 71 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የቡድሃ የእብነ በረድ ሐውልት ወጣ፤ ዘመኑ ወደ 2ኛው መቶ ዓመት ይገመታል። ግኝቱ ለዓለም የተነገረው ካርቱም መቃጠል በጀመረችበት ወር ነው። በእኛም አገር በደብረ ዳሞ ገዳም በ1940 ከ100 በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ከእነዚያ ነገሥታት አንዱ ካኒሽካ የቡድሃ ሃይማኖት ደጋፊ ተብሎ የሚታወቅ ነው።

ሩቅ ምሥራቅ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥስ ምን ነበረው? መልሱ ሐር ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር፣ ከቻይና እንደ መጣ ከሚታመን ሐር፣ ቅድስቱን ከመቅደሱ የሚለዩ ታላላቅ መጋረጃዎች ተሠርተዋል። ርዝመታቸው ከ5 ሜትር ይበልጣል። የተሠሩት በተራ የሽመና ዕቃ ሳይሆን፣ ድሩን በተበሳሱ ትንንሽ ሰሌዳዎች ውስጥ አሳልፎ ሰሌዳዎቹን በማዞር ነው፤ ለአንዱ መጋረጃ ከ300 በላይ ሰሌዳዎች ያስፈልጉ ነበር። አንድ ሰሌዳ ብቻ በተሳሳተ አቅጣጫ ቢዞር ስሕተቱ በጨርቁ ላይ እስከ መጨረሻው ይታያል። በመጋረጃው ላይ ከሚታዩት መካከል ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እንዳሉበት የሚያምኑ ሊቃውንት አሉ። የእኛ ዕጣን በእነርሱ መቅደስ ሲጨስ፣ የእነርሱ ሐር የእኛን መቅደስ ይጋርድ ነበር።

ይህን መጋረጃ ለማየት የሚሻ የጎንደር ሰው ዛሬ ወደ ለንደን ወይም ወደ ቶሮንቶ መሄድ አለበት። እንግሊዞች በ1868 መቅደላን ሲይዙ የዘረፉትን ቅርስ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው ወሰዱ። መጋረጃዎቹም አብረው ሄዱ። ጃኦ ሩግዋ ያለው ዝሆን በመጨረሻ መጣ፤ የጫነው ግን ዕጣን አልነበረም።

የካርቱሙን ነገር ከዚህ ለይቶ ማየት አይቻልም። የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም በ1971 ተከፍቶ፣ በአስዋን ግድብ ውኃ ሊዋጡ ከነበሩት የኑብያ ቤተ መቅደሶች የዳኑትን በአትክልት ሥፍራው ይዞ የኖረ ነው። ጦርነቱ በተጀመረበት ዓመት ታጣቂዎች ገቡበት። በማርች 2025 የሱዳን ጦር የከተማዋን መሐል ሲይዝ የወርቅ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ተገኘ። በጦርነት ጊዜ ቅርስ እንዳይነካ የሚያዘው የሄግ ስምምነት የተፈረመው በ1954 ነው፤ በየጦር ትምህርት ቤቱም ይነበባል። እኔም ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁም። ፈተናው ግን የወረቀት ነበር።

በጃፓን በናራ ከተማ ሾሶኢን የሚባል ከእንጨት የተሠራ ግምጃ ቤት አለ። በ756 አንዲት ንግሥት የሟች ባሏን የንጉሥ ሾሙን ንብረት፣ ከ600 በላይ ዕቃ፣ በዝርዝር ጽፋ ለታላቁ ቡድሃ አበረከተች። ሐር፣ መስታወት፣ የዜማ ዕቃ፣ መዓዛ ያለው እንጨት ሁሉ አለበት። ጦርነቶች በአጠገቡ አልፈዋል፤ ቤቱ ግን ቆሞ ዝርዝሩም አለ። በየዓመቱ በመጸው ወራት ማኅተሙ ተፈትቶ ጥቂት ዕቃዎች ለሕዝብ ይታያሉ፤ ከዚያም ተመልሶ ይታሸጋል።

ወደ ዕጣኑ እንመለስና አንድ የሚያሳስብ ነገር እንናገር። በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳስረዳው፣ በኢትዮጵያና በሱዳን ከሚገኙት የዕጣን ዛፍ ጫካዎች መካከል ከሦስት አራተኛ በላይ በሆኑት ወጣት ዛፍ አይታይም። ያሉት ያረጁ ናቸው። ችግኙን ከብት ይበላዋል፤ እሳት ያቃጥለዋል። አሮጌው ዛፍ ደግሞ ያለ ዕረፍት ስለሚቆሰል በነቀዝ ይጠቃል። በዚህ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ የሚገኘው ዕጣን በግማሽ እንደሚቀንስ ተገምቷል። ከካርቱም የሸሸው ሕዝብ ያለፈበት የገዳሪፍና የመተማ መንገድ የሚያቋርጠው ይህንኑ አገር ነው። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ፣ ልጣጩ እንደ ወረቀት ተልጦ፣ በጭንጫው ላይ የሚቆም ዛፍ ያየ ሁሉ አይቶታል።

በጎንደር ያገኘኋቸውን እናት ዕጣኑ የመተማ መሆኑን ጠየቅኋቸው። «የመተማ ነው» አሉኝ። «ግን እዩት፤ አንኳሩ እየደቀቀ ነው። ድሮ አል ሳሃፋ ሳለሁ ሱዳኖቹ እንኳ ትልቁን ነበር የሚያመጡልኝ።» ከጥቅሉ ሁለት ፍንጣሪ መርጠው አወጡ። የሸክላ ማጨሻቸው ካርቱም ስለ ቀረ፣ ፍሙን በተሰበረ ጀበና ገል ላይ አድርገው ዕጣኑን ጣል አደረጉበትና ሁለተኛውን ሲኒ ቀዱልኝ።